ምስጋናና ልቅሶ በአንድ አንደበት

በመከራ ጊዜ እግዚአብሔርን ማመስገን ክርስትና ከምእመኑ ከሚጠብቃቸው ነገሮች ሁሉ ለአፍ ቀላሉ፣ ለልብ ከባዱ ነው። በኢትዮጵያ ‹‹እንደምን አደርክ?›› ለተባለ ሰው የተለመደው መልስ ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን›› ነው፤ ያመመውም፣ ሥራ ያጣውም፣ ልጁን በቅርቡ የቀበረውም ይህንኑ ይመልሳል። ቃሉ በየማለዳው ከአፍ ስለሚወጣ ምን እንደ ተሸከመ ሳይታሰብበት ያልፋል። ሐዘንተኛ ‹‹ተመስገን›› ሲል ሞቱን ወደደው ማለት አይደለም፤ ሐዘኑ ለቀቀው ማለትም አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስም በቤተ ክርስቲያን ታሪክም እንደሚታየው በመከራ የሚቀርብ ምስጋና ልቅሶን አያባርርም፤ ሁለቱ በአንድ አንደበት ይነገራሉ። ልቅሶው የተከለከለ እንደ ሆነ ምስጋናውም ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል።

በኦሪት ሕግ ምስጋና በእጅ የሚሠራ ነገር ነበር። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 7 እንደሚያዝዘው የምስጋና መሥዋዕት የሚያቀርብ ሰው ከእንስሳው ጋር ቂጣና እርሾ ያለበት ኅብስት ያመጣል፤ ሥጋውም በዚያው ዕለት ይበላል እንጂ እስከ ማግስቱ አይተርፍም። አንድ ሰው ብቻውን አንድ በግ በአንድ ቀን ሊጨርስ አይችልምና ሕጉ ሳይናገር ወዳጅ ዘመድን፣ ጎረቤትን፣ ችግረኛን ወደ ማዕዱ ይጠራል። የተጠራውም ምን ተገኝቶ እንደ ተጠራ መጠየቁ አይቀርም፤ አመስጋኙም ከምን እንደ ዳነ ይናገራል። ምስጋና ከመነሻው በልብ ተሸሽጎ የሚቀር ነገር አልነበረም፤ ምስክርና ማዕድ ይፈልግ ነበር።

መዝሙረ ዳዊት ደግሞ ምስጋናና ሰቆቃ ጎን ለጎን የተቀመጡበት መጽሐፍ ነው። ከ150ው መዝሙሮች ሲሶ ያህሉ አቤቱታና ልቅሶ ናቸው። በሽተኛው፣ በወዳጁ የተከዳው፣ በሐሰት የተከሰሰው፣ ከአገሩ የተፈናቀለው ሁሉ በእነርሱ ውስጥ እግዚአብሔርን ‹‹ለምን?›› እያለ ይሞግታል። አብዛኞቹ በልቅሶ ጀምረው በምስጋና ይፈጸማሉ። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ የጮኸበት 22ኛው መዝሙር፣ በግእዙ አቈጣጠር 21ኛው፣ የተተወ ሰው ጩኸት ሆኖ ይነሣና በጉባኤ መካከል ወደሚቀርብ ውዳሴ ይደርሳል። ይህ መሻገር ግን ሁልጊዜ አይመጣም። በግእዙ 87ኛ የሆነው 88ኛው መዝሙር ከዳር እስከ ዳር ጨለማ ነው፤ ጸሎተኛው ወዳጅና ጎረቤት ርቀውት ብቻውን እንደ ቀረ ይዘጋል፤ የምስጋና ስንኝ አይገኝበትም። መዝሙሮቹን የሰበሰቡት አባቶች ይህን ሊያስቀሩት ወይም መጨረሻውን ሊያለዝቡት ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ማመስገን ያቃተው ሰው ጩኸትም ጸሎት እንደ ሆነ ተቀብለው ከሌሎቹ ጋር አኖሩት። ዛሬም ዳዊት የሚደግም ሁሉ ተራው ሲደርስ ያነበዋል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ዳዊት ደጋሚው ከመዝሙሮቹ ቀጥሎ ጸሎተ ነቢያትን ያገኛል። ከእነዚህ ጸሎቶች ብዙዎቹ ከጭንቅ የወጡ ናቸው። ሕዝቅያስ ከሞት አልጋ ላይ ሆኖ ያለቀሰ ንጉሥ ነው። ዮናስ በዓሣው ሆድ ውስጥ ሳለ፣ ወደ የብስ ገና ሳይተፋ፣ የምስጋና መሥዋዕት እንደሚያቀርብ ይናገራል። ከሠለስቱ ደቂቅ አንዱ አዛርያ በእቶኑ ውስጥ ቆሞ አስቀድሞ የሚያነሣው የሕዝቡን ኃጢአትና የደረሰበትን ውርደት ነው፤ አለቃ፣ ነቢይ፣ የሚቃጠል መሥዋዕት እንኳ እንደሌላቸው በግልጽ ይናገራል፤ ፍጥረትን ሁሉ ለውዳሴ የሚጠራው የሦስቱ ዝማሬ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ዕንባቆም ይታያል። ነቢዩ የጠፋውን አንድ በአንድ ይቈጥራል፦ በለሱ አላበበም፣ ወይኑ አላፈራም፣ ወይራው ከዳ፣ እርሻው ምግብ አልሰጠም፣ በጎች ከበረት ጠፉ፣ ላሞችም የሉም። ለገበሬ ይህ ዝርዝር ቅኔ ብቻ አይደለም፤ የዓመቱ ቀለብ፣ የመጪው ዓመት ዘር፣ የጥማድ በሬው መጥፋት ነው። ዕንባቆም በእግዚአብሔር ደስ እንደሚለው የሚናገረው ጉዳቱን እስከ መጨረሻው ከቈጠረ በኋላ ነው። ያልተቈጠረ ጉዳት ላይ ቆሞ ማመስገን ነቢዩ ያስተማረው መንገድ አይደለም።

ታኅሣሥ 19 ቀን የሚከበረው የቅዱስ ገብርኤል በዓል ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶን እሳት የዳኑበት መታሰቢያ ነው። በዚያ ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈው ምእመን ብዙው ስለት አለበት፤ ልጅ የተሰጣት እናት፣ ከሕመም የተነሣ ሰው፣ ከስደት በሰላም የተመለሰ ሁሉ የተሳለውን ይዞ ይመጣል። ይህ የተከበረ ምስጋና ነው፤ በኦሪት መሥዋዕትም በመዝሙርም ሥር አለው። በዓሉ የሚያስባቸው ሦስቱ ወጣቶች ግን ወደ እሳቱ ሳይጣሉ ለናቡከደነፆር የመለሱት መልስ ከስለት አልፎ ይሄዳል። አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ነገሩት፤ ባያድናቸውም እንኳ ለምስሉ እንደማይሰግዱ ጨመሩበት። ስለቱ የሰመረለት ሰው በዓሉን በእልልታ ያከብረዋል። ያልሰመረለትም፣ ልጁ ያልዳነችለትም፣ በዚሁ በዓል ድርሻ አለው፤ ሦስቱ ወጣቶች ማዳኑን ሳያዩ የተናገሩት ቃል ለእርሱ የቀረ ነው።

ኢዮብ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል። 7,000 በጎች፣ 3,000 ግመሎች፣ 500 ጥማድ በሬዎችና 500 እንስት አህዮች የነበሩት ሰው ሀብቱን ሁሉና ዐሥሩን ልጆቹን በአንድ ቀን አጣ፤ ልብሱን ቀደደ፣ ራሱን ተላጨ፣ በምድር ተደፍቶ የእግዚአብሔርን ስም ባረከ። ትረካው እዚህ ላይ ከተቋረጠ ኢዮብ የማይሰማው ሰው ይመስላል። በሦስተኛው ምዕራፍ ግን ይኸው ሰው የተወለደባትን ቀን ይረግማል፤ ከዚያም ለብዙ ምዕራፎች ከፈጣሪው ጋር ይሟገታል። ሦስቱ ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ በተቀመጡ ጊዜ ያደረጉት የሚያስመሰግናቸው ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን መከራውን የኃጢአቱ ዋጋ አደረጉት። እግዚአብሔር ኢዮብን ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ በጥያቄ ዝም ቢያሰኘውም፣ በምዕራፍ 42 ቁጣው የነደደው በእነዚያ ወዳጆች ላይ ነው፤ ስለ እርሱ ቅን ነገር የተናገረው ኢዮብ መሆኑንም መሰከረ። የባረከውም፣ የተሟገተውም ያው አንድ አፍ ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ጌታ ወደ አልዓዛር መቃብር ሲመጣ ማርታም ማርያምም በጊዜው ቢደርስ ኖሮ ወንድማቸው እንዳልሞተ ነገሩት። ወቀሳ ነው፤ እርሱ ግን አልገሠጻቸውም። ማርያምም የመጡትም ሲያለቅሱ አይቶ አለቀሰ፤ ጥቂት ቆይቶም ዓይኑን ወደ ላይ አንሥቶ አብን አመሰገነ። አልዓዛር ያን ጊዜ ገና በመቃብር ውስጥ ነበር። ሁለተኛው ስፍራ ከዚህም ይከብዳል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች እንደ ጻፈላቸው ጌታ ኅብስቱን አንሥቶ ያመሰገነው አልፎ በተሰጠባት ሌሊት ነው። ከዚያ ማዕድ ተነሥቶ ወደ ጌቴሴማኒ ወረደ፤ በዚያም ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ተናገረ፣ ጽዋው እንዲያልፍለትም ለመነ። ያመሰገነ ሰው ከሰዓታት በኋላ ቢፈራና ቢለምን ምስጋናው ሐሰት ነበር የሚል ሰው የሐሙስን ሌሊት በሙሉ አላነበበም።

ሐዋርያው ጳውሎስ የተሰሎንቄ ምእመናን በሁሉ ነገር እንዲያመሰግኑ ጽፎላቸዋል፤ ትእዛዙን የሚተረጉመው ደግሞ ሕይወቱ ነው። በፊልጵስዩስ ከሲላስ ጋር በበትር ተደብድበው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ በውስጠኛው ወህኒ ተጣሉ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ሲጸልዩና ሲያመሰግኑ እስረኞቹ ያደምጧቸው ነበር። እስከዚህ ያለውን የማያውቅ ምእመን የለም። የማግስቱ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ገዢዎቹ ሰዎቹ ይለቀቁ ብለው በላኩ ጊዜ ጳውሎስ እምቢ አለ፤ የሮም ዜጎችን ያለ ፍርድ በአደባባይ ገርፈው በስውር ሊያስወጧቸው እንደማይችሉ ነገራቸው፤ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጧቸው ጠየቀ፤ እነርሱም ፈርተው መጡና ለመኗቸው። በሌሊት ያመሰገነው አፍ በጠዋት ፍትሕ ጠየቀ። በባሏ የምትደበደብን ሴት ወይም ደመወዙን የተነጠቀን ሠራተኛ ‹‹ተመስገን ብለህ ቻለው›› እያሉ ዝም ማሰኘት ከዚህ ምዕራፍ ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ምስጋና ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ነው፤ ለበዳይ መሸሸጊያ ሊሆን አይገባውም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ሌላ ሌሊት ይተርካል። 276 ሰዎች ያሉበት መርከብ በማዕበል እየተንገላታ 14ኛው ሌሊት ሆኗል፤ ሰዎቹ ከጭንቀት የተነሣ እህል አልቀመሱም። ጳውሎስ እንጀራ አንሥቶ በሁሉም ፊት እግዚአብሔርን አመሰገነ፣ ቈርሶም በላ፤ ሌሎቹም ተጽናንተው በሉ። ማዕበሉ አልቆመም ነበር፤ መርከቡም በኋላ ተሰብሯል። ይኸው ሐዋርያ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት በእስያ የደረሰበት መከራ ከዐቅሙ በላይ ሆኖ ለሕይወቱ እንኳ ተስፋ እንደ ቈረጠ ሳይደብቅ ጽፏል፤ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለትም ሦስት ጊዜ ለምኗል። በዚያው መልእክት መጀመሪያ ላይ ብዙዎች እንዲጸልዩለት የሚሻበትን ምክንያት ሲገልጽ፣ ስለ እርሱ የሚቀርበው ምስጋና ከብዙ ሰዎች እንዲሆን ብሎ ነው። ተስፋ የቈረጠ ሰው ምስጋናውን ሌሎች እንዲያግዙት ለመነ ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ የሚያጽናና ነጥብ በጉዳዩ ላይ ማግኘት ያስቸግራል።

በ4ኛው ክፍለ ዘመን የቂሣርያው ባስልዮስ ስለ ምስጋና በሰበከው ስብከት አድማጩ በልቡ የያዘውን ጥያቄ ራሱ ያነሣዋል፤ ልጁን የቀበረ፣ የተራበ፣ በሕመም የሚቃጠል ሰው እንዴት ደስ ሊለው፣ እንዴት ሊያመሰግን ይችላል? መልሱን ሲሰጥ ጌታ ለአልዓዛር ያፈሰሰውን እንባ ያነሣል፤ ሐዘን የተፈቀደ መሆኑንም ልኩንም ከዚያ ያሳያል። ባስልዮስን ተሰሚ የሚያደርገው ግን ንግግሩ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ368 ዓ.ም. ገደማ በቀጰዶቅያ ድርቅ ገብቶ ረኃብ በጸና ጊዜ ጎተራቸውን የዘጉ ባለጠጎችን በግልጽ ገሠጸ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ እንደ መሰከረለትም ረኃብተኞችን በአንድ ስፍራ ሰብስቦ የጥራጥሬ ወጥ በትላልቅ ድስቶች እያስቀቀለ አበላ፣ በእጁም አገለገለ። ለተራበ ሰው ስለ ምስጋና መናገር ይህን ካደረገ ሰው አፍ ሲወጣ ሌላ ክብደት አለው።

የዮሐንስ አፈወርቅ ታሪክ ከዚህ ጋር ይሄዳል። የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ እ.ኤ.አ. በ404 ዓ.ም. ከመንበሩ ተሰድዶ ወደ ተራራማዋ ኩኩሶስ ተወሰደ፤ በ407 ደግሞ ከዚያ ርቆ ወደ ጥቁር ባሕር ዳርቻ እንዲዛወር ታዘዘ፤ ወታደሮች በፀሐይና በዝናብ እያስኬዱት በጉዞ ላይ በኮማና ዐረፈ። ታሪኩን የጻፈው ጳላድዮስ እንደሚለው የመጨረሻ ቃሉ በሕይወቱ ሲያዘወትረው የነበረው፣ ስለ ሁሉም ነገር ለእግዚአብሔር ክብር የሚሰጥ ቃል ነበር። ይህ ብቻውን ቢቀር ከሰው ዐቅም በላይ ይመስላል። ከስደቱ ለዲያቆናዊቷ ኦሎምፒያዳ የጻፋቸው 17 ደብዳቤዎች ግን ሌላውን ገጽ ያሳያሉ። የክረምቱን ብርድ፣ የሆድ ሕመሙን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ የሽፍቶችን ወረራ እየዘረዘረ ይነግራታል። እርሷም በእርሱ ስደት ምክንያት በጥልቅ ትካዜ ወድቃ ነበርና ትካዜ ከሥጋ ሥቃይ ሁሉ የከፋ መሆኑን አምኖላት፣ ቀስ በቀስ እንድትወጣ ረጅም ደብዳቤ እየጻፈ ይረዳታል። በመጨረሻው ቀን ያመሰገነው ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ሕመሙን ለወዳጁ ሲነግር የነበረው ነው።

በባስልዮስ ስም የሚጠራው ጸሎተ አኮቴት በኢትዮጵያ ሥርዓተ ቅዳሴ ውስጥ በየቅዳሴው ይጸለያል፤ ይኸው የምስጋና ጸሎት በግብፅ ቅብጥ ቤተ ክርስቲያንም የአገልግሎቶች መክፈቻ ነው፤ ሠርግም ሆነ ቀብር በእርሱ ይጀመራል። ይዘቱን ልብ ላለው ሰው ብዙ ያስተምራል። ምስጋናው የሚቀርበው ስለ ሸፈነን፣ ስለ ረዳን፣ ስለ ጠበቀን፣ እስከዚህች ሰዓት ስላደረሰን ነው። ሀብት፣ ጤንነት፣ ድል በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ለቅዳሴ የመጣ ሰው ሁሉ በእውነት ሊለው የሚችለው፣ እስከዚህች ሰዓት መድረሱ ብቻ ነው። ጸሎቱ ወዲያው ወደ ልመና ይሻገራል፤ ከፈተናና ከጠላት ተንኰል መጠበቅን ይለምናል፤ አደጋው እንዳለ ሳይሸሽግ ያመሰግናል ማለት ነው። ደግሞም የሚናገረው ‹‹እኛ›› እያለ ነው። አፉ የደረቀበት ሐዘንተኛ በዚያ ‹‹እኛ›› ውስጥ ቆሞ ሌሎች ሲሉለት ሊቆይ ይችላል። ምስጋናን እያንዳንዱ ከየልቡ እንዲያመነጨው የሚጠብቅ ክርስትና ለደከመው ሰው ይህን መጠለያ ይነፍገዋል።

በምዕራቡ ወገን ማርቲን ሪንካርት የሚባለው የሉተራን መጋቢ ይነሣል። በጀርመን የሳክሶኒ ከተማ በአይለንቡርግ በሠላሳው ዓመት ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1637 ዓ.ም. ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ከ4,000 በላይ ሰዎችን ቀበረ፤ የራሱም ሚስት ከሟቾቹ አንዷ ነበረች። በዓለም ሁሉ የሚዘመረውን የምስጋና መዝሙሩን በዚያ የመቃብር ወራት ጻፈው እየተባለ ይተረካል፤ መዝሙሩ ግን ከወረርሽኙ በፊት፣ ልጆች ከማዕድ በኋላ እንዲሉት የተጻፈ፣ ከመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 50 የተቀዳ ጸሎት ሳይሆን አይቀርም። ትክክለኛው ታሪክ ከአፈ ታሪኩ ይበልጥ ይጠቅማል። በክፉ ቀን የሚቀርብ ምስጋና በደጉ ቀን፣ በማዕድ ዙሪያ፣ በልጆች አፍ የተለመደ መሆን አለበት፤ ሰው በሬሳ መካከል ቆሞ አዲስ ጸሎት ለመድረስ ጉልበት አይኖረውም።

በኢትዮጵያ ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በዘለቀው የደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት የየራሳቸውን ጽዋ ጠጥተዋል። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ብዙ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ተዘግተው አማኞች በየቤቱ በስውር ተሰበሰቡ፤ ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ለዓመታት ታሰረ፤ ያም ትውልድ መዘመሩን አላቋረጠም። ዛሬ ያን ዘመን የሚተርክ ሰው ቤተ ክርስቲያን በስደት እንዳደገች አይቶ መከራው በረከት ነበር ብሎ ሊያጠቃልለው ይፈተናል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በእስር ቤት ስለ ተሰጠ ጽናትና ወንድማማችነት ማመስገን አንድ ነገር ነው፤ ስለ ግድያው ማመስገን ግን ሌላ ነው። ግድያው እግዚአብሔር በሕጉ የከለከለው ክፋት ነው፤ ምስጋና ክፉውን መልካም ብሎ መጥራትን አይጠይቅም።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ መከራው ከማን ነው የሚለው ነው። አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ላይ አንድ ዓይነት አነጋገር የላቸውም። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ዮሐንስ ዘደማስቆ እግዚአብሔር ወድዶ የሚያደርገውንና እንዲሆን የሚተወውን ለይቶ አስተምሯል። የተሐድሶ ወገኖች፣ በተለይ የካልቪን ተከታዮች፣ ሁሉም ነገር ከአባታዊ እጁ እንደሚመጣ አጥብቀው ይናገራሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1563 ዓ.ም. የወጣው የእነርሱው የሃይደልበርግ ትምህርተ ሃይማኖት ይህንኑ አምኖ ሳለ ከምእመኑ የሚሻው በመከራ ትዕግሥትን፣ በደኅና ጊዜ ምስጋናን፣ ስለ ነገ ደግሞ መታመንን ነው። ሁሉን ከእግዚአብሔር እጅ የሚቀበል ትምህርት እንኳ ለመከራው ሰዓት ያስቀደመው ትዕግሥትን መሆኑ በሐዘንተኛ ላይ ቸኩሎ ምስጋና የሚጭንን ሰው ሊያስቆመው ይገባል።

ሌላው የተለመደ የማጽናኛ መንገድ ራስን ከባሰበት ሰው ጋር ማነጻጸር ነው። ‹‹የባሰ አታምጣ›› የሚለው የአማርኛ ልማድ በራሱ ትሑት ልመና ነው፤ ሰው ዐቅሙን አውቆ የሚጸልየው። ወደ ‹‹እኔ እንኳ ከእገሌ ይሻለኛል›› ሲዞር ግን ምስጋናው የሌላውን ጉዳት መቆሚያ ያደርጋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለው የፈሪሳዊው ጸሎት በመልኩ ሙሉ በሙሉ የምስጋና ጸሎት መሆኑ ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። እግዚአብሔርን ያመሰገነው እንደ ሌሎቹ ሰዎች፣ እንደዚያም ቀራጭ ስላልሆነ ነው፤ ጸድቆም አልተመለሰም። ለተጎዳውም ሰው ቢሆን ይህ ማጽናኛ አያዋጣም፤ የባሰበት ሰው መኖሩ የእርሱን ቍስል አያደርቀውም፤ ይልቅ በማዘኑ እንዲያፍር ያደርገዋል።

በቅርብ ዘመን ሥነ ልቡናም ምስጋናን አጥንቷል። ሮበርት ኤሞንስና ማይክል ማክሎው እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት የተቀበሉትን መልካም ነገር በየጊዜው የጻፉ ሰዎች ችግራቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ገልጸዋል። ግኝቱን መናቅ አያስፈልግም። የክርስቲያን ምስጋና ግን የሚሰማ አካል ስላለው ይለያል፤ የሚያመሰግነው ሰው ስሜቱ ባይሻለውም ምስጋናው ተሰምቷል። እንደ መድኃኒት ብቻ የተወሰደ እንደ ሆነ ግን ያላሻለው ሰው ትክክል አላመሰገንኩም ብሎ በሐዘኑ ላይ ጥፋተኝነት ይጨምራል።

በለቅሶ ቤት ይህ ሁሉ ይፈተናል። የአገሩ ልማድ በዚህ ረገድ ጥበብ አለው፤ ለቀስተኛው ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ሲነሣም ‹‹እግዚአብሔር ያጽናችሁ›› ይላል፤ የሚለው ምኞት ነው፣ በሐዘንተኛው ላይ ትእዛዝ አይጭንም። ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እንጀራ ይጋግራል። የሚያጎድፈው፣ ገና መቃብሩ ሳይደርቅ ‹‹አታልቅሱ፣ አመስግኑ፣ እግዚአብሔር ወድዶ ነው የወሰደው›› የሚለው ቸኳይ አጽናኝ ነው። ያው ቃል ከእናቲቱ ከራሷ አፍ፣ በራሷ ጊዜ ቢወጣ እምነት ነው፤ ከእንግዳ አፍ ሲወጣ የኢዮብን ወዳጆች ንግግር ይመስላል። ለወራት እንቅልፍና ምግብ የራቀው፣ ሕይወቱን የጠላ ሰው ደግሞ ከጸሎት ጋር ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ሕመሙን የምስጋና ጉድለት ማድረግ ይጎዳዋል።

በግል ሕይወት ልምዱን የሚይዙት ሰዎች መንገዳቸው ቀላል ነው። ምስጋናው አጭርና የተወሰነ ይሆናል፤ ‹‹ስለ ሁሉም›› ከማለት ይልቅ የዛሬዋ እንግዳ፣ ያደረ ሕመምተኛ፣ የተገኘችው የታክሲ ሳንቲም በስሟ ትጠራለች። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች እንዳዘዘው ልመናው ከምስጋናው ጋር በአንድ ላይ ይቀርባል። ቃል ሲጠፋ ዳዊት ይደገማል፤ የልቅሶው መዝሙር በቀኑ የወደቀ እንደ ሆነም በምስጋና መዝሙር አይተካም። ከቤት ያለው ትንሽ ነገርም ለሌላ ይካፈላል፤ ባስልዮስ በረኃቡ ዘመን ባለጠጋውን ብቻ ሳይሆን ጥቂት ያለውንም ሰው እንዲያካፍል ጠይቆ ነበርና።

የመከራው ትርጉም ቢታወቅ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ዮሴፍ ወንድሞቹ ክፉ ያሰቡበትን እግዚአብሔር ለመልካም እንዳደረገው የተናገረው በኦሪት ዘፍጥረት መጨረሻ ምዕራፍ ነው። ሲሸጥ የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነበር፤ ሰባቱ የጥጋብ ዓመታትና ሁለቱ የረኃብ ዓመታት አልፈው ወንድሞቹን ካገኘ በኋላ አባቱ በግብፅ 17 ዓመት ኖሮ ሞተ። ሲደመር ቃሉ የተነገረው ከጉድጓዱ ወደ 39 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በጉድጓዱም በወህኒውም ሳለ ይህን ተናገረ የሚል ነገር አልተጻፈም፤ በወህኒ የተጻፈለት ለጠጅ አሳላፊው ያቀረበው ልመና ነው፤ ያለ በደሉ እንደ ታሰረ ነግሮት ለፈርዖን እንዲያስብለት ለመነው። ቃሉን በተናገረበትም ቀን አስቀድሞ አለቀሰ። ወንድሞቹ ያደረጉትም ክፉ መሆኑን አልካደላቸውም፤ እንዳይፈሩ ነገራቸው፣ እነርሱንና ልጆቻቸውን እንደሚመግብም ቃል ገባላቸው።